ምዕራፉ ያለው መስኮቱ ጋ ነው

ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የጽሕፈት መኪና ፊቷ ደቅና ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አቤቱታ የጻፈች ሴት ነበረች። ባለጉዳዩ ሁሉ የሚጠራት «አራት ነጥብ» እያለ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ የመጨረሻዋን ምልክት የምትመታው በሙሉ ክንዷ ስለነበር ድምፁ መዝገብ ቤቱ ድረስ ይሰማል ይባላል። ከዚያ ውጪ ድምፅ የሚባል ነገር የላትም። አውቶቡስ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት አፍራ ስንቴ ሁለት ፌርማታ አልፋ ወርዳ በእግሯ ተመልሳለች። ለሰው ስትጽፍ እንደ አንበሳ የምታገሳ፣ ለራሷ ግን እግሯን የረገጣትን ሰው ይቅርታ የምትጠይቅ ናት።

ፍርድ ቤቱ የታተመ ቅጽ ማደል ሲጀምር መኪናዋን ከድና ቤቷ ገባች። ስድሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት ደግሞ አንድ ነገር አማራት፤ ልብ ወለድ መጻፍ። ለማንም አልተናገረችም። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው እውነት ስጽፍ ኖሬ አንድ የራሴን ውሸት መጻፍ አያቅተኝም ብላ አሰበች። አቃታት።

ያቃታትም በአንዲት ቁልፍ ምክንያት ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠራው የእህቷ ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ስትገዛ አሮጌውን ለአክስቷ አመጣችላት። ልጅቷ አስረድታ ስታበቃ ከላይ በስተቀኝ ያለችውን የማጥፊያ ቁልፍ አሳየቻትና እንግዲህ ብትሳሳቺም ግድ የለም፣ ይቺን መንካት ብቻ ነው አለቻት። ደግ የሠራች መስሏት ነበር።

በጽሕፈት መኪና የተመታ ተመታ ነው። ሦስት ወረቀት፣ በመካከላቸው ሁለት ካርቦን፤ መጨረሻው መስመር ላይ አንድ ፊደል ከተበላሸ ሦስቱም ገጽ እንደ አዲስ ይጻፋል። ስለዚህ የአራት ነጥብ ጣቶች ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መሄድ አያውቁም ነበር። አሁን ግን ወደ ኋላ የሚወስድ መንገድ ተከፈተላቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች፣ ታየዋለች፣ ታፍርበታለች፣ ታጠፋዋለች። ሦስት ወር ሙሉ የመጀመሪያውን ገጽ ጻፈች። አንዳንድ ቀን ካላት የምታጠፋው ይበዛ ነበር፤ ይህ እንዴት እንደሚሆን እሷም አልገባትም።

በዚህ መካከል ነው እትዬ የወደቁት። እትዬ ታላቅ እህቷ፣ ላፕቶፑን ያመጣችው ልጅ እናት ናቸው፤ በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት በቀዶ ጥገና ክፍል ዋና ነርስ የነበሩ። ትናንት ሆዱ የተሰፋውን ሰው ዛሬ በጠዋቱ «ተነሣ፣ አልጋ የተሠራው ለመተኛት እንጂ ለመኖር አይደለም» እያሉ በኮሪደሩ ሲያመላልሱ የኖሩ ሴት ናቸው። መጋረጃ ሊያወርዱ ወንበር ላይ ወጥተው ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሐኪሞቹ በብረት አያያዙት። ቤት ሲመለሱ ግን ዋና ነርሷ ከአልጋ አልነሣም አሉ። ዛሬ ደከመኝ፣ ነገ። ነገ ሲደርስ ዛሬ ብርድ ነው፣ ከነገ ወዲያ። ባለ አራት እግሩ መራመጃ ብረት አልጋው ጎን ቆሞ ፎጣ መስቀያ ሆነ።

በሳምንት ሁለቴ የምትመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ቀን አራት ነጥብን ወጥ ቤት ጠርታ በዝቅታ ነገረቻት። በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልተራመዱ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ እኔን አትጠብቁ፣ የምትጠብቁት ተሽከርካሪ ወንበር ነው አለቻት። አራት ነጥብ ቀኑን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በእርሳስ ከበበችው። ከዚያ እትዬ እንዳያዩት ብላ የቀን መቁጠሪያውን ገልብጣ ሰቀለችው። ከዚያ የትኛው ቀን እንደሆነ ለማወቅ በየጠዋቱ መልሳ ስትገለብጠው ሰነበተች።

እትዬ ተኝተው ውለው ተኝተው ሲያድሩ ሥራ አጡና ጆሯቸውን አቆሙ። ከወጥ ቤቱ ባሻገር ካለችው ጠባብ ክፍል የቁልፍ ድምፅ ይሰማቸዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያ ምን እንደምትቆረጥሚ ካልነገርሽኝ ምሳውን አልበላም አሉ። አራት ነጥብ ፊቷ ቀላ፣ ላፕቶፑን አመጣች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ግድግዳው እያየች ያቺን የሦስት ወር ገጿን አነበበች። እንዲህ ትጀምራለች፤ «አመልካች የሆነችው የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ከላይ በተጠቀሰው ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የተጠሪን ድምፅ በሰማች ጊዜ በልቧ ላይ ሁከት ተፈጥሮባታል።»

«ከላይ የት ነው?» አሉ እትዬ። «የመጀመሪያው መስመር አይደለም እንዴ ይሄ?»

አራት ነጥብ መስመሩን በጣቷ ፈለገችው።

«ቆይ፣ ልጅቷን የያዛት ፍቅር ነው ክስ?»

እትዬ ስፌቱ እስኪያማቸው ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። አራት ነጥብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር፤ ግን እትዬ እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ባለ ድምፁ ሰውዬ ማን እንደሆነ፣ መልክ እንዳለው፣ ልጅቷስ ምን እንዳደረገች ጠየቁ። ሁለተኛ ገጽ የለም። ነገ እነግርዎታለሁ አለች።

«ነገ የኔ ቃል ናት፤ አትንኪብኝ» አሉ እትዬ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠላት። ፍርድ ቤት ደጃፍ ስንቱን አይታለች፤ እግሬን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ ሲል የዋለ ባለጉዳይ ውሳኔው ሊነበብ ነው ሲባል ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ይወጣዋል። ሰው መጨረሻውን ለመስማት ይነሣል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ምዕራፍ አልጋው ድረስ ላለማምጣት ቆረጠች።

ችግሩ ኮሪደር ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው መጥፋቱ ነው። እሷ በደህናው ቀን አውቶቡስ የማታስቆም፣ የፍቅር ቃል ጮክ ብላ ልታነብ? በስልኳ ልትቀዳው አሰበች። መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ሞከረች፤ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ሰው ድምፅ ሆነ። መኝታ ቤቷ ውስጥ ሞከረች፤ የጎረቤት ውሻ በየመስመሩ መሃል አስተያየት ሰጠ። በመጨረሻ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብታ፣ ጉልበቷ አገጯን እየነካ፣ ካፖርቶቹ መሃል ተቀመጠችና በላፕቶፑ ብርሃን እያነበበች ስልኩን ከአፏ አንድ ስንዝር አርቃ ቀዳች። ካፖርት የውሻውንም የጉድጓዱንም ድምፅ ይውጣል። ድምፅ የምትቀዱ ካላችሁ ቁም ሳጥን ግቡ፤ ግን በሩን ከውስጥ ያዙት። የእህቷ ልጅ የእናቷን ሹራብ ልትሰቅል ብላ ስትከፍተው አክስቷ በጨለማ ውስጥ ለስልኳ «ድምፅህን ካልሰማሁ ቀኑ ቀን አይመስለኝም» ስትል አገኘቻት። ልጅቷ ሹራቡን በእጇ እንደያዘች ይቅርታ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ መልሳ ዘጋችው።

ከእትዬ አልጋ እስከ ወጥ ቤቱ መስኮት ሃያ ሁለት የወለል ሴራሚክ ነው፤ አራት ነጥብ ቆጥራዋለች። በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ስድስተኛው ላይ፣ ወንበር ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነው። እትዬ ከፍ አድርጊው አሉ። ስልኩ ከዚህ በላይ አይጮህም አለች። ይህ በሕይወቷ የተሳካላት የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። እትዬ አጉረመረሙ፣ አልጋው ጮኸ፣ ፎጣው ከብረቱ ላይ ወደቀ። ስድስቱን ሴራሚክ ለመጨረስ ስምንት ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው ላብ በላብ ነው፣ ምዕራፉም አልቋል። መልሺው አሉ።

በሳምንቱ ስልኩ አሥራ አንደኛው ላይ ደረሰ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ መስኮቱ ጋ። እትዬ በየቀኑ የሚያማርሩት ስለ እግራቸው መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰዎቹ ሆነ።

ለአራት ነጥብ ግን ጉድ ፈላ። በቀን አንድ ምዕራፍ ማቅረብ አለባት፤ በሦስት ወር አንድ ገጽ የምትጽፍ ሴት። የእትዬን የሽሮፕ ጠርሙስ ክዳን ወስዳ ማጥፊያዋ ቁልፍ ላይ ደፋችበት፣ በቁስል ፕላስተር አጣበቀችው። ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ የለም። ጽሑፉ እንደ መንገድ ሥራ ሆነ፤ እዚህ ድንጋይ፣ እዚያ ጉድጓድ፣ ግን ይሄዳል። ምዕራፉን የምታቆመውም ነገሩ ሳያልቅ፣ በሩ ሲንኳኳ ወይም ደብዳቤው ሳይከፈት ነው። ያለዚያ እትዬ ነገ አይነሡም። ለራሷም ደግሞ በጀ፤ በማግስቱ በሩን ማን እንዳንኳኳ ለማወቅ ስትል ቸኩላ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን እትዬ ከመስኮቱ ጋ ሆነው ጠሯት።

«ያ በአራተኛው ቀን አልቅሰን የቀበርነው አጎት ዛሬ ሰርግ ላይ ምን ይሠራል?»

«ረስቼው ነው፣ እትዬ።»

«እሱም መሞቱን ረስቶት ነዋ። ሁለቴ ሲያስጨምር ሰማሁት እኮ።»

አራት ነጥብ አንገቷን ደፍታ ሄዳ እንደ ድሮው መዝገብ ከፈተች። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አቃፊ፤ ዕድሜው፣ ሥራው፣ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ፣ በመጨረሻም በትልቁ «አለ» ወይም «ሞቷል»። በተረፈ ከድሮ ሥራዋ ያገኘችው ሁሉ እየጎዳት ነበር። ሰዎቿ ሁሉ በአንድ አፍ ይናገራሉ፤ ልጅቷም ሾፌሩም — ባለ ድምፁ ሰውዬ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው — ሁሉም «ስለሆነም» ይላሉ። እትዬ ይህን ሲነግሯት ሌሊቱን ሳይሆን ቀኑን ሙሉ፣ ሽንኩርት እየላጠች አሰበችበት።

ትዝ ያላት አንዲት ባለጉዳይ ናት። ወንድሟን በአጥር ግንብ ልትከስ የመጣች ሴት ነበረች። ግንቡ የተገነባ ዕለት የእናታቸው ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፣ ነፋስ ወስዶት ጫፉ እርጥቡ ሲሚንቶ ውስጥ ገባ፣ እስከ ዛሬ የጨርቁ ጠርዝ ግንቡ ውስጥ አለ እያለች ታለቅሳለች። አራት ነጥብ በዚያ ትሑት ድምጿ «ይሄ ለፍርድ ቤቱ አይጠቅምም» ብላ ስፋቱንና ቁመቱን ጻፈች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጋ ቀሚሱን ጥላ ግንቡን አስቀርታለች። ሽንኩርቱን እንደያዘች ሳቀችም አለቀሰችም፤ ከሁለቱ የትኛው የሽንኩርቱ እንደሆነ አልለየችም። በማግስቱ ምዕራፍ ውስጥ የልጅቷ ቀሚስ ግንብ ውስጥ ገባ። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ምንም ስህተት አላወጡም፤ ይህ ከሳቸው ዘንድ ሽልማት ነው።

እንግዲህ ነገር ሲሰምር ነው ሰው የሚበላሸው። የእህቷ ልጅ ምዕራፎቹን ሥራ ቦታ ወስዳ ለባልደረባዋ አሰማቻት። ባልደረባዋም ይሄ የእውነት ደራሲ ሥራ ነው አለች። ወሬው ቤት ሲደርስ አራት ነጥብ «ኧረ ባክሽ» ብላ ወጥ ቤት ገባች፣ ድስቱን ያለ ሥራው አማሰለች። በማግስቱ ግን ጸጉሯን አበጥራ፣ ሰው ቤት የምትሄድበትን ሻርፕ ደርባ ተቀመጠች። ደራሲ ናታ። አንዲት ቃል ብቻ ላስተካክል ብላ ፕላስተሩን ላጠች፣ ክዳኑን አነሣች።

ምዕራፉ አሥራ ዘጠነኛው፣ ልጅቷና ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገናኙበት ነው። አንዷን ቃል አስተካከለች። ከዚያ ጎረቤቷ ያለችው ቃል አስጠላቻት። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ። ልጅቷን አውቶቡስ ጣቢያ አቆመቻት፣ አጠፋቻት፤ ነጭ አለበሰቻት፣ አጠፋቻት፤ አስለቀሰቻት፣ አፈረችባት፣ አጠፋቻት። ምሳ ሰዓት ላይ ገጹ ንጹሕ ነበር። ከካርቦኑ ዘመን ጀምሮ ሥራዋን ሁሉ በሦስት ቅጂ የምታኖር ሴት ናት፤ አንዱን ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱን የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ባለች ፍላሽ፣ አንዱን በእህቷ ልጅ ኢሜይል ላይ። ያን ቀን ከልማዷ ሳትዘል ባዶውን ገጽ በሦስት ቅጂ አስቀመጠች።

በመጀመሪያው ቀን እትዬ መስኮቱ ጋ ሄደው ስልክ አጡና ተመለሱ። በሁለተኛው ግማሽ መንገድ። በሦስተኛውና በአራተኛው አልተነሡም። ባለሙያዋ መጥታ እግራቸውን ስታጥፍ ባለፈው እሺ ያለው ዳሌ እምቢ አለ፤ አራት ነጥብን አየቻት። በእርሳስ የተከበበው ቀን ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

አራት ነጥብ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እኔ አልቆብኛል። ምዕራፍ ባይኖርም ለኔ ብለው ይራመዱ።»

«ላንቺ ብዬ መች ተራመድኩ» አሉ እትዬ ወደ ግድግዳው እያዩ። «እኔ እፈራለሁ። ያ ሁሉ በሽተኛ ሲፈራ ስቄበት፣ ይኸው እፈራለሁ። የሰዎቹን ነገር ስሰማ ወለሉ ይጠፋልኛል። ዝም ካሉ ወለሉ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

አራት ነጥብ ከአልጋው ጠርዝ ተነሣች። ወደ ጠባቧ ክፍሏ ሄደች። የሽሮፕ ክዳኑን ፈለገች፣ አጣችው፤ ባጣችው ጊዜ ደግሞ ጥፋተኛው አይኔ ነው እንጂ ቁልፏ ምን አደረገች ብላ ፎጣ አምጥታ ስክሪኑን ሸፈነችው። ጣቶቿ ማየት አያሻቸውም፤ በድሮ ጊዜ የባለጉዳዩን ፊት እያየች ነበር የምትጽፈው። አሁንም ፊት ለፊቷ ባዶ ወንበር እንዳለ አድርጋ፣ ልጅቷ እዚያ ተቀምጣ በራሷ አፍ የምትነግራት አድርጋ መምታት ጀመረች። ልጅቷ ጣቢያው ደርሳለች። ሾፌሩን ታውቀው እንደሆን ድምፁን ብቻ ነው፤ የቆሙትም ሰባት ሾፌሮች ናቸው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንዳቸው መናገር አለባቸው። ልጅቷ ደግሞ ለመጠየቅ ታፍራለች።

እንዲህ እየሄደ ሳለ ከኋላዋ ኮሪደሩ ላይ የሚጎተት እግር ሰማች፤ ከዚያ ደፉ ላይ ትንፋሽ። ሐሳቧ እንዳይቆረጥ ብላ ዞር ሳትል፣ በዚያ በሠላሳ አንድ ዓመት አፏ፣ «ተራዎን ይጠብቁ፤ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡ» አለች።

ወንበር ተሳበ። አራት ነጥብ ግማሽ ገጽ ቀጠለች፣ አራት ነጥቡን በሙሉ ክንዷ መታች፣ ከዚያ ዞረች።

እትዬ ተቀምጠዋል። በሌሊት ልብሳቸው፣ ያለ ብረት። የቀኝ መዳፋቸውና እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ድረስ በኖራ ነጥቷል፤ ግድግዳውን ተደግፈው ነው የመጡት።

«ተራዬ ደረሰ?» አሉ።

አራት ነጥብ ከወንበሯ ተነሣች። እህቷ ሃያ ሁለት ሴራሚክ አልፈው፣ ደፍ ተሻግረው ሲመጡ ደራሲዋ ወንበር ጠቁማለች። ብረቱስ አለች በመጨረሻ።

«አልጋው ጋ ነው። ቁልፉ ሲንኳኳ ሰማሁና ልጅቷ ምን እንዳደረገች ልጠይቅ ብዬ ነው የተነሣሁት። መሃል መንገድ ላይ ነው ብረቱ ትዝ ያለኝ።»

ይህን ሲሉ ዘወር ብለው የመጡበትን ኮሪደር አዩት፤ ፊታቸው ተለወጠ። መመለስ አለ። አራት ነጥብም አየችው። ብረቱን ላመጣ ብትሄድ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው፤ ቁም ሳጥን ገብታ ልትቀዳ ጊዜ የለም። ፎጣውን ገፈፈች፣ ላፕቶፑን በግራ ክንዷ ላይ ዘረጋችው፣ ቀኝ እጇን ከእትዬ ደረት ፊት ሳትነካቸው ዘረጋች፣ በጀርባዋ መሄድ ጀመረች። እያነበበችም። በገዛ ድምጿ፣ ፊት ለፊት።

አይሰማም አሉ እትዬ። ጮክ አለች። በፎጣ ሥር የተጻፈ ስለሆነ ግማሹ ፊደል ቦታውን ስቷል፤ እንደጻፈችው ሳይሆን ሊሆን እንደሚገባው አነበበችው። ተረከዟ ደፉን መታ፣ ደፉን ይቅርታ ጠየቀች፣ ማንበብ ቀጠለች። እትዬ በኖራው እጃቸው ግድግዳውን ይዘው አይኖቻቸውን ከአፏ ላይ ሳይነቅሉ ተከተሏት።

ዘጠነኛው ሴራሚክ ላይ ገጹ አለቀ። ሰባቱ ሾፌሮች ቆመዋል፣ ልጅቷ ቆማለች፣ እትዬ አንድ እግራቸውን አንሥተው ቆመዋል። አራት ነጥብ ላፕቶፑን አየችው፤ ከዚህ ወዲያ ነጭ ነው። ትክክለኛው ሾፌር እንግዲህ አፉን መክፈት ነበረበት። ምን እንደሚል አታውቅም። አፏን እሷው ከፈተችለትና፣ ጎማውን ሲያይ የነበረው አጭሩ ሰውዬ ቀና ብሎ፣ «እህት፣ ሰው ጠፍቶሽ ነው ወይስ መንገድ?» አለ ብላ ተናገረች። የእትዬ እግር ወረደ። ሰውዬው ቀጠለ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ስለ ጤንነቷ ጠየቀ፣ ስለ መንገዱ አቧራ፣ ስለ ማዞሪያው መስመር መቆራረጥ፣ ስለ እናቷ ጉልበት፤ በሕይወቷ እንደዚህ የሚለፈልፍ ሰው ጽፋ አታውቅም።

አልጋው ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ ገና ሰላምታውን አልጨረሰም። እትዬ የአልጋውን ጠርዝ በእጃቸው ዳሰሱት፣ አልተቀመጡም፣ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ መለሱ። አራት ነጥብ ላፕቶፑን እንደተሸከመች ዞራ ፊታቸው ገባችና በጀርባዋ እንደገና መሄድ ጀመረች።